ሙዚቃን ያለ ገመድ ከኮምፒዩተር ወደ ቤት ቴፕ ስለ ማድረስ
(በመርሳና በወልዲያ ቤቶች ከተመለከትነው)

ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትሎ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መርሳ የወረደ ሰው፣ ለቡና ተጠርቶ ወደ አንድ ቤት ቢገባ፣ በሳሎኑ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ትልቅ ቴፕ ያይ ይሆናል። በግራና በቀኙ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ቴፑ የተገዛው ልጆቹ ሳይወለዱ፣ ካሴት በየሱቁ በሚሸጥበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን ካሴቶቹ በመሳቢያ ውስጥ ተከተዋል፤ ዘፈኑ ያለው በልጁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ የላፕቶፑም ድምፅ ከረከቦቱ አልፎ አይሰማም። እንግዲህ ድምፅ ያለው ዕቃ ዘፈን የለውም፤ ዘፈን ያለው ዕቃ ደግሞ ድምፅ የለውም።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ያለ ገመድ ማገናኘት እንዴት እንደሚቻል፣ ነገሩም በምን ሕግ እንደሚሠራ ነው። አንባቢ «ይህ የመዝናኛ ነገር ነው፤ ለምርምር ምን ይበቃል?» ቢለን፣ መልሳችንን በሚቀጥለው ክፍል ያገኘዋል።

1. ጥያቄው እንዴት እንደ ተነሣ

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወልዲያ ከደረሰ በኋላ፣ ከተማዪቱና አካባቢዋ ለወራት መብራትም ስልክም ተቋርጦባቸው ነበር። ዳግመኛም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ መብራት በሚኖርበት ቀን እንኳ፣ ዘፈንን ከዩቲዩብና ከቴሌግራም ብቻ ይሰማ የነበረ ቤት ሁሉ ዝም አለ። በፍላሽ ወይም በኮምፒዩተር ያስቀመጠ ግን ሙዚቃው አልተለየውም።

በዚያን ጊዜ አንድ የተሳሳተ አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ እንዳለ ተገነዘብን። ይኸውም «ኔትወርክ ከሌለ ያለ ገመድ የሚሠራ ነገር ሁሉ አይሠራም» የሚል ነው። ብሉቱዝና ዋይፋይ ያለባቸውን መሣሪያዎች ይዘው ሳለ፣ ኢንተርኔት ስለ ተቋረጠ ብቻ አጥፍተው ያስቀመጡ ሰዎች አይተናል። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛም መካከል እንደዚያ ያሰበ ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኢንተርኔት ከመርሳ ወደ ዓለም የሚወስድ አውራ ጎዳና ነው እንበል። ከኮምፒዩተር ወደ ቴፕ ያለው መንገድ ደግሞ ከጓዳ ወደ ሳሎን የሚያደርስ ነው። አውራ ጎዳናው ቢዘጋ፣ በጓዳ ያለው እንጀራ ወደ ሳሎን ከመምጣት የሚከለክለው የለም። የሚያስፈልገው እንጀራው አስቀድሞ በጓዳ መገኘቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

2. ድምፅ እንዴት ቁጥር ሆኖ እንደሚጓዝ

ድምፅ በአየር ውስጥ የሚሄድ እንቅጥቅጥ ነው። ኮምፒዩተር ግን እንቅጥቅጥን አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ነው። ስለዚህ ድምፁን በየቅጽበቱ እየለካ በቁጥር ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ ይህን ልክ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲሆን ወሰነ፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል። ስቴሪዮ ማለት ለግራና ለቀኝ ጆሮ የተለየ ድምፅ ማለት ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ በሁለት ይባዛል። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ስሌት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 53 ሚሊዮን ያህል ባይት ይይዛል። ይህ ብዙ ስለ ሆነ፣ ኤምፒስሪ የተባለው የአጻጻፍ ዘዴ የሰው ጆሮ የማይለየውን እየተወ ዋናውን ብቻ ያስቀምጣል። ዘፈኑ በሰከንድ በ128,000 ቢት ቢጻፍ፣ ያው የአምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ሚሊዮን ባይት እንኳ አይሞላም። በአንድ ትንሽ ፍላሽ ውስጥ የአንድ ቤት ካሴት ሁሉ ሊገባ የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ያለ ገመድ የሚጓዙት በራዲዮ ሞገድ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርትዝ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በሙከራ ያሳየው ሞገድ ነው እንጂ ሌላ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የሚጫንበት ዕቃ ነው። ከዚህ ቀጥለን ሦስቱን መንገዶች በየተራ እናያለን።

3. ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው የኤፍ ኤም መንገድ ነው። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚኒባስ የሄደ ሰው ይህን ሳያውቀው አይቶታል። ሾፌሩ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ይሰካል፤ ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን ያገባባታል፤ ዘፈኑም በመኪናው ራዲዮ ይሰማል። ዕቃዪቱ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ናት። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ጣቢያ የሌለበትን ቦታ ተመርጦ ይሰጣታል፤ ራዲዮውም በዚያው ቁጥር ይከፈታል። ይህንኑ ዓይነት ዕቃ በኮምፒዩተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ላይ ቢሰኩት፣ በቡፌው ላይ ያለው ቴፕ ራዲዮ እስካለው ድረስ ዘፈኑን ይቀበላል።

የኤፍ ኤም ጥቅሙ የቴፑን ዕድሜ አለመጠየቁ ነው። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የኤፍ ኤም ስርጭት የሚያሳልፈው እስከ 15,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ የጤናማ ወጣት ጆሮ እስከ 20,000 ገደማ ይሰማል። ሁለተኛ፣ በአጠገቡ ብርቱ ጣቢያ ካለ ሹክሹክታና ፉጨት ይገባበታል። አንዳንድ ወጣቶች የላኪውን ጉልበት ለመጨመር አንቴና ሲቀጥሉበት ሰምተናል፤ ይህ አይገባም። የራዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ በአገራችን አጠቃቀሙን የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጎረቤትን ራዲዮ ማወክም በጎረቤትነት የሚያስወቅስ ነው።

ሁለተኛው የብሉቱዝ መንገድ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ማጥናት የጀመረው የስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ነው። ስሙም የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሐራልድ ብሉቱዝ ነው። ብሉቱዝ በ2,400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። ያን ክልል በ79 ትንንሽ መንገዶች ከፍሎ፣ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በአንዱ መንገድ ሌላ ሞገድ ቢያጋጥመው በሚቀጥለው ያመልጣል። በቤት ዕቃዎች ዘንድ የተለመደው ጉልበቱ ዐሥር ሜትር ያህል ያደርሳል።

ለአሮጌ ቴፕ የሚያስፈልገው አንድ የብሉቱዝ ተቀባይ ብቻ ነው። በእኛ አገር ሪሲቨር ሲባል ሰው የሚያስበው የዲሽ ሪሲቨርን ስለ ሆነ፣ ሱቅ ሲጠይቁ «ለቴፕ የሚሆን የብሉቱዝ ተቀባይ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል። ተቀባዩ ከቴፑ ጀርባ ቀይና ነጭ ሆነው ከተሠሩት ቀዳዳዎች ወይም «አክስ» ከተባለው ላይ ይሰካል። እነዚህ ከሌሉና የካሴት ማጫወቻው ደኅና ከሆነ፣ የካሴት ቅርጽ ያለውና ገመድ የወጣለት መሸጋገሪያ አለ፤ ተቀባዩን በእርሱ በኩል ማገናኘት ይቻላል።

ሦስተኛው የዋይፋይ መንገድ ነው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ናቸው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንላለን። ዋይፋይ ማለት በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች በራዲዮ የሚነጋገሩበት ደንብ ነው፤ ደንቡም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከውጭ ምንም መስመር ያልገባለት ራውተር እንኳ መብራት ካገኘ፣ ኮምፒዩተሩንና ተቀባዩን ያገናኛል። የዋይፋይ ጥቅሙ ከብሉቱዝ ይልቅ ሩቅ መሄዱና ድምፁን ሳይቀንስ ማሳለፉ ነው። ነገር ግን አንዳንድ መሣሪያዎች መጀመሪያ ሲተከሉ ኢንተርኔት ካላገኙ ሥራ አይጀምሩም፤ አንዳንዶቹም ከኩባንያቸው ጋር ካልተነጋገሩ አይታዘዙም። እንደ እኛ ባለ አገር ዕቃውን የሚገዛ ሰው፣ ከዋጋው በፊት «ኢንተርኔት ሳይኖር ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅና በዓይኑ ማየት ይገባዋል።

4. በቤት ውስጥ ያየነው

ይህን በወረቀት ከማወቅ አልፈን በሥራ ለማየት ስለ ወደድን፣ በመርሳ ወደ አንዲት አረጋዊት እናት ቤት ሄድን። ቴፑ የእርሳቸው ነው፤ ካሴቶቹም የእርሳቸው ናቸው። ከነዚያም መካከል የአምባሰል ዜማዎች ይገኙ ነበር። አምባሰል ከሀብሩ በስተ ደቡብ ያለው አምባና አገር ስም ነው፤ ደግሞም ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የዜማ ቅኝቶች አንዱ ነው። በዚህ ቅኝት የታወቁት የወሎዋ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ ሲሆኑ፣ በዚያ ቤትም ስማቸው በአክብሮት ይጠራል።

አስቀድመን ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር ገለበጥናቸው። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክሮፎን ቀዳዳ ገመድ ዘረጋን። በመጀመሪያው ቀን ድምፁ ተሰነጣጠቀብን። ምክንያቱም የማይክሮፎን ቀዳዳ የተሠራው ለደካማ ድምፅ ስለ ሆነ ነው፤ የቴፑን ድምፅ በጣም ዝቅ ስናደርገው ተስተካከለ። አንዱ ካሴት መካከሉ ላይ ተጣብቆ ስለ ነበር ተበጠሰ። ቀጥለን የሠራነውም ጥቂቱን ብቻ አዳነ። ያን ጊዜ እናትዬዋ ምንም አላሉም፤ ክሩን ሰብስበው በወረቀት ጠቀለሉት። የካሴት ክር በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ እንደሚበላሽ እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ማወቅና ሲበጠስ ማየት አንድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ተቀባዩን ከቴፑ ጀርባ ሰክተን፣ ላፕቶፑን ወደ ጓዳ ወሰድነው። ዘፈኑ ግን ከላፕቶፑ እንጂ ከቴፑ አልወጣም። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ከተቀባዩ ጋር ቢተዋወቅም፣ ድምፁን የት እንዲያወጣ አልነገርነውም። ይህን ስናስተካክል ድምፁ ወጣ፤ ነገር ግን የስልክ ንግግር ይመስል ነበር። ኮምፒዩተሩ ለብሉቱዝ ሁለት ስም ያወጣል፤ አንዱ ለስልክ ንግግር፣ ሌላው ለስቴሪዮ ሙዚቃ ነው። ስቴሪዮ የሚለውን በመረጥን ጊዜ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

እናትዬዋ ወደ ቴፑ ጀርባ ጐንበስ ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ሽቦው የታለ?» አሉ።

«እማማ፣ ሽቦ የለውም፤ ከጓዳ በአየር ነው የሚመጣው» አልናቸው።

«ታዲያ ኔትወርኩ ሲጠፋ እርሱም ይጠፋላ?»

«አይጠፋም እማማ። እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ያለው።»

ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «እንግዲህ ይህ ነው የኔ» አሉ። እኛ በብዙ ገጽ ልናስረዳ የፈለግነውን እርሳቸው በአራት ቃል ጨረሱት።

በዚያ ቤትና በኋላ በወልዲያ ባየነው ሌላ ቤት የሚከተሉትን ነገሮች አስተዋልን። በእንጨትና በጭቃ የተሠራው የመርሳው ግድግዳ የብሉቱዙን ሞገድ አሳለፈ። የወልዲያው ቤት በብሎኬት የተሠራ ነበር፤ በሁለት ግድግዳ በኩል ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፤ የብረት በር ሲዘጋበትም ጨርሶ ጠፋ። ብረት የራዲዮ ሞገድን ወደ ኋላ ስለሚመልስ ይህ የሚጠበቅ ነው። በተጨማሪም ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ በላፕቶፑና በተቀባዩ መካከል ሰዎች በተቀመጡ ቁጥር ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃም በ2,400 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ይውጣል። ተቀባዩን ከተቀመጠ ሰው ራስ ከፍ አድርገን ብናስቀምጠው ችግሩ ቀለለ።

ሌላም ነገር አየን። ላፕቶፑን በገመድ ከቴፑ ጋር ባገናኘንበት ጊዜ፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ስፒከሮቹ «እምምም» የሚል ድምፅ ያሰሙ ነበር። ይህ የሚሆነው ሁለቱ መሣሪያዎች በመብራቱም በገመዱም በኩል ስለሚገናኙ ነው። ያለ ገመድ ስናደርገው በመካከላቸው የብረት መንገድ ስለሌለ ድምፁ ጠፋ። እንግዲህ ገመድ አልባው ዘዴ ለምቾት ብቻ ሳይሆን ለጥራትም የሚረዳበት ጊዜ አለ።

5. ለሚሞክር ሰው የምንሰጠው ምክር

አስቀድሞ የቴፑን ጀርባ ማየት ነው። አክስ ወይም ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው ብሉቱዝ፣ ራዲዮ ብቻ ካለው ኤፍ ኤም ይበቃዋል። ቤቱ ሰፊ ከሆነና ራውተር ካለ ዋይፋይ ይመረጣል። ለሠርግና ለለቅሶ የሚከራየውን ሞንታርቦ ያህል ድምፅ የሚሻ ሰው ግን፣ ብዙ ሕዝብ በመካከል ስለሚቆም፣ ገመድን ባይተው ይሻለዋል።

የኮምፒዩተሩን ድምፅ ወደ ሙሉው አስጠግቶ፣ ከፍና ዝቅ ማድረጉን በቴፑ መዘውር መሥራት ሹክሹክታን ይቀንሳል። ተቀባዩ እንቢ ካለ፣ ቀደም ሲል የተገናኘ የልጆች ስልክ ይዞት እንደ ሆነ ማየት ነው፤ ብዙዎቹ ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ለአንድ ጌታ ብቻ ይታዘዛሉና። በብሉቱዝ ፊልም ሲታይ የተዋናዩ ከንፈርና ድምፁ ጥቂት ቢለያዩ፣ ቁጥሩ ተጽፎ እስኪነበብ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ለሙዚቃ ጉዳት የለውም።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ፣ ተቀባዩም በፓወር ባንክ ይቆያል፤ ቴፑ ግን የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ ከሆነ ብቻ ነው። መብራት ሲመለስ ጉልበቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ቴፑን ከዲቫይደሩ ነቅሎ ጥቂት መቆየት ይገባል። ተቀባይ በቀላሉ ይተካል፤ የአባት ቴፕ ግን ምትክ የለውም።

ስለ መገልበጥም አንድ ነገር እንናገር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንና የድምፃዊውን መብት ያስከብራል። አንድ ሰው የገዛውን ካሴት ለራሱ ለግል አገልግሎት መገልበጡ አንድ ነገር ነው፤ አባዝቶ መሸጡ ሌላ ነገር ነው። እኛ የምንናገረው ስለ ፊተኛው ብቻ ነው።

6. መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ያገኘነው ትምህርት አንድ ነው። ሙዚቃ በቤት ውስጥ የሚሄድበት የራዲዮ መንገድ አጭርና ርካሽ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢቋረጥም አይቋረጥም። ነገር ግን መንገዱ ያለ ጭነት ምንም አይጠቅምም። ዘፈኑ ሁሉ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር ብቻ ተቀምጦ፣ በየቀኑ ከዚያ እየተለመነ የሚመጣ ከሆነ፣ በተቋረጠ ቀን ቤቱ ባዶ ነው። በሀብሩና በወልዲያ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ ያሉት ካሴቶች ደግሞ በሩቁም ኮምፒዩተር ላይ የማይገኙ የሠርግ፣ የእንጉርጉሮና የቤተ ዘመድ ድምፆችን ይዘው ይሆናል። እነርሱን የሚጠብቅላቸው የክሩ ዕድሜ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን የምንሄድ ተማሪዎች፣ አንድ ገመድና አንድ ተቀባይ ይዘን ብንሄድ፣ በየመሳቢያው ያለውን ገልብጠን፣ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጠን፣ በአሮጌው ቴፕ መልሰን ብናሰማ መልካም ነው እንላለን። መምህሮቻችንም የትኛው ግድግዳ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚቀንስ በመሣሪያ ለክተን እንድንመለስ ቢረዱን፣ ይህን የጀመርነውን በተሻለ ሁኔታ ለመፈጸም ዝግጁዎች ነን። ያቺ በመርሳ የተበጠሰችው ካሴት ግን አትመለስም፤ ሥራውን ለሚቀጥለው ዓመት እንዳናሳድር የምታስታውሰን እርስዋ ናት።